የሻምፒዮኖች ፊርማ ያረፈበት ፎቶ፦ እውነተኛነቱ በምን ይታወቃል?

የዓለም ሻምፒዮኖችን በአካል አግኝቶ ፎቶ ለማስፈረም ከሚመቹ የአፍሪካ ከተሞች መካከል የኬንያዋ መዲና ናይሮቢ በቀዳሚነት ትጠቀሳለች። ከ2020 ጀምሮ የሚካሄደው የኪፕ ኬይኖ ክላሲክ ውድድር ስመ ጥር አትሌቶችን ወደ ከተማዋ ይጠራል። ከለንደን፣ ከቺካጎ ወይም ከበርሊን በድል የሚመለሱ ሯጮችም በጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ያልፋሉ። ፎቶና ማርከር ይዞ ተራ የጠበቀ አድናቂ፣ ዕድል ከቀናው፣ አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል ፊርማ ይዞ ይመለሳል።

ያ ፎቶ ከአሥር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ ለሽያጭ፣ ለሙዚየም ወይም ለውርስ ሲቀርብ ግን ጥያቄዎች ይከተሉታል። በእርግጥ ባለቤቱ ነው የፈረመው? መቼና የት? ሲፈርም ያየ ሰው አለ? መልስ ያልተገኘለት ፊርማ፣ እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ በገበያ ላይ ከሐሰተኛው ተለይቶ አይታይም።

በአሜሪካ ፉትቦል ዓለም ሁኔታው የተለየ ነው። የሱፐር ቦውልን ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ፎቶ ላይ ሲፈርም፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ታዛቢ አጠገቡ ቆሞ ይመለከታል። ፎቶው ላይ የማይደገም ቁጥር ያለው ስቲከር ይለጠፋል፤ ቁጥሩም በመዝገብ ይሰፍራል። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ቢዘዋወር ገዢው ቁጥሩን በኢንተርኔት ፈትሾ ስለ ዕቃው ማወቅ ይችላል።

ከዚህ በታች የተዘረዘረው ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚታመን፣ እንዲሁም በምሥራቅ አፍሪካ የሻምፒዮኖችን ፎቶ ለሚሰበስቡና ለአትሌቶች ቤተሰቦች ምን ትርጉም እንዳለው የሚያስረዳ ነው። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

‘የተረጋገጠ’ ፎቶ ምን ማለት ነው?

በገበያው ላይ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ነገር ግን የተለያየ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች አሉ።

የመጀመሪያው ተጫዋቹ ወይም አትሌቱ በእጁ የፈረመበት ፎቶ ነው። ሁለተኛው ፊርማው ከምሥሉ ጋር አብሮ የታተመ ነው፤ ክለቦችና ስፖንሰሮች ለአድናቂዎች በነጻ የሚያድሏቸው ካርዶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሦስተኛው በፊርማ ማሽን ወይም በማኅተም የተፈረመ ሲሆን፣ አራተኛው ደግሞ ሌላ ሰው አስመስሎ የፈረመው ነው። ሁለተኛው ዓይነት እንደ ማስታወሻ ቢያዝ ነውር የለበትም። ‘በእጅ የተፈረመ’ ተብሎ ሲሸጥ ግን ማጭበርበር ይሆናል።

ማረጋገጫም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የእማኝ ማረጋገጫ ይባላል፤ የአረጋጋጩ ድርጅት ሠራተኛ ፊርማው ሲፈረም በቦታው ተገኝቶ አይቷል ማለት ነው። ሁለተኛው የባለሙያ አስተያየት ነው። ባለሙያው ፊርማው ሲፈረም አላየም፤ እውነተኛ መሆናቸው ከሚታወቁ ሌሎች ፊርማዎች ጋር አነጻጽሮ ‘የእርሱ ይመስለኛል’ ይላል። ሁለቱም የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ምስክርነት ነው፤ ሁለተኛው የዳበረ ግምት ነው።

አሜሪካውያን ለምን ጥብቅ ሆኑ?

ጥንቃቄው የመጣው ከደረሰ ጉዳት በኋላ ነው። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) በስፖርት መታሰቢያዎች ንግድ ላይ ሰፊ ምርመራ አካሄደ። ‘ኦፕሬሽን ቡልፔን’ የተሰኘው ይህ ዘመቻ ፊርማዎችን በብዛት የሚያስመስሉና በየግዛቱ የሚያከፋፍሉ ቡድኖችን አጋለጠ። ቢሮው በወቅቱ በአገሪቱ የሚሸጡ ሐሰተኛ መታሰቢያዎች ዋጋ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ገምቶ ነበር። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያረፈባቸው የቤዝቦል ኳሶች ጭምር ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰብሳቢዎችን ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው። ከሐሰተኞቹ ዕቃዎች ብዙዎቹ የምስክር ወረቀት ነበራቸው። ፊርማውን ማስመሰል የቻለ ሰው ወረቀቱንም ያትማል፤ ወይም ወረቀት የሚሰጥለት ተባባሪ ያገኛል። የቤዝቦል ኮከቡ ቶኒ ግዊን በስሙ የተፈረሙ ሐሰተኛ ዕቃዎች ለገበያ ቀርበው ማየቱን ካሳወቀ በኋላ፣ የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2001 የራሱን የማረጋገጫ ሥርዓት ዘረጋ።

በአሜሪካ ፉትቦልም ተመሳሳይ እርምጃዎች ተወስደዋል። በሱፐር ቦውል ጨዋታዎች ላይ የሚውሉ ኳሶች በዓይን የማይታይ፣ ሰው ሠራሽ ዘረመል በተቀላቀለበት ቀለም ምልክት ይደረግባቸው ጀመር። ፊርማ የሚያረጋግጡ የግል ድርጅቶችም ተስፋፉ። የካሊፎርኒያ ግዛት ፊርማ ያለባቸውን የስፖርትና የመዝናኛ መታሰቢያዎች የሚሸጡ ነጋዴዎች የምስክር ወረቀት እንዲሰጡና መዝገብ እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ አላት። በ2017 በተደረገ ማሻሻያ ግዴታው ዋጋቸው ከ50 ዶላር በላይ የሆኑትን እንዲመለከት ተደርጓል።

ይህም ሆኖ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ አይደለም። እአአ የካቲት 5/2017 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሂውስተን ላይ ሱፐር ቦውልን ሲያሸንፍ፣ የቡድኑ ኮከብ ቶም ብሬዲ የለበሰው ማሊያ ከመልበሻ ክፍል ተሰረቀ። መርማሪዎች ማሊያውን ከሳምንታት በኋላ ሜክሲኮ ውስጥ አገኙት። ወደ መልበሻ ክፍሉ የገባው ሰው የመገናኛ ብዙኃን የመግቢያ ፈቃድ ነበረው። ማሊያው እውነተኛ ስለመሆኑ ማንም አልተጠራጠረም። የያዘው ሰው ግን ባለቤቱ አልነበረም። እውነተኛነትና ሕጋዊ ባለቤትነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ይህ ክስተት ያሳያል።

58 ሳንቲም የተገዛው ሹራብ

የአንድ መታሰቢያ ዋጋ በምን እንደሚወሰን ለመረዳት ከዚሁ ስፖርት ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። በ2014 በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ አሽቪል ከተማ፣ ያገለገሉ ልብሶች ከሚሸጡበት የበጎ አድራጎት መደብር ባልና ሚስት አንድ አሮጌ ሹራብ በ58 የአሜሪካ ሳንቲም ገዙ። ልብሱ በክብደት ተመዝኖ ነበር የተሸጠላቸው። በሹራቡ ውስጥ ‘ሎምባርዲ’ የሚል ስምና ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶ ነበር።

ቪንስ ሎምባርዲ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሱፐር ቦውል ድሎች ከግሪን ቤይ ፓከርስ ጋር የተቀዳጀ አሠልጣኝ ነው። የሱፐር ቦውል ዋንጫም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ሹራቡ በዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ያሠለጥን በነበረበት ዘመን የለበሰው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በ2015 በጨረታ ከ43 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ።

ጨርቁ አንድ ነው፤ ክሩም አንድ ነው። ዋጋውን የለወጠው በውስጡ ተሰፍቶ የቆየው የስም ምልክት ነው። ያ ምልክት ተቀዶ ቢጣል ኖሮ ሹራቡ ከመደብሩ ክምር መካከል ከአንዱ የሚለይበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።

በአትሌቲክስም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1896 በአቴንስ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ የተሸለመው የብር ዋንጫ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። በ2012 የልጅ ልጁ ለንደን ላይ ለጨረታ ሲያቀርበው በ541,250 ፓውንድ ተሸጠ። የገዛው የግሪክ የበጎ አድራጎት ተቋም በመሆኑ ዋንጫው ወደ አገሩ ተመልሷል። ከባለድሉ እጅ እስከ ጨረታው ቀን ድረስ ባለው የባለቤትነት ሰንሰለት ውስጥ ክፍተት አልነበረም።

አበበ ቢቂላ፦ ስሙ በማን ስም ይመዘገባል?

ኢትዮጵያ ለዓለም ካበረከተቻቸው ሻምፒዮኖች መካከል ፎቶው በብዛት የተባዛው አበበ ቢቂላ ሳይሆን አይቀርም። እአአ መስከረም 10/1960፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 5/1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ፣ ሮም ውስጥ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ድሉን ደገመው። በ1973 ሲያርፍ ገና የ41 ዓመት ሰው ነበር።

እንደ አበበ ያለ ሻምፒዮን ፊርማ የሚያረጋግጥ ባለሙያ ሦስት ችግሮች ይገጥሙታል።

የመጀመሪያው የማነጻጸሪያ እጥረት ነው። ስሙ የገነነ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች በዘመኑ እጅግ ብዙ ፎቶዎች ላይ ይፈርማል፤ አረጋጋጩም የወጣትነት ፊርማውን ከጎልማሳነቱ እየለየ ማስተያየት ይችላል። ዕድሜው ላጠረና የንግድ የፊርማ መርሐ ግብር ባልነበረበት ዘመን ለኖረ አትሌት ይህ ዕድል ጠባብ ነው።

ሁለተኛው ፊደል ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በግዕዝ ፊደል አንድ ዓይነት፣ በላቲን ፊደል ደግሞ ሌላ ዓይነት ፊርማ ሊኖረው ይችላል። ፊደሉን የማያነብ ባለሙያ የእጁን አጣጣል፣ የትኛው ጭረት መጀመሪያ እንደተሳለና የትኛው እንደተከተለ ለመለየት ይቸገራል።

ሦስተኛው የስም አወጣጥ ነው። በምዕራባውያን መዛግብት ሰው የሚፈለገው በቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ አበበ ብዙውን ጊዜ ‘ቢቂላ’ ተብሎ በአባቱ ስም ይመዘገባል። ‘ቢቂላ አበበ’ ተብሎ ተገልብጦ የተጻፈባቸውም አሉ። የኃይሌ ገብረሥላሴ ስም በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ አለው። ስሙ በአራት ዓይነት መንገድ የተመዘገበ ሰው ቅርስም በአራት ቦታ ይበታተናል።

የመዝገብ ጉዳይ ከስብስብ አልፎ ወደ መብት ጥያቄም ይሻገራል። የጫማ አምራቹ ቪብራም በ2010 ‘ቢኪላ’ የተሰኘ የመሮጫ ጫማ ለገበያ አቀረበ። የአበበ ቤተሰብ ያለ ፈቃዳችን ስሙን ተጠቅሟል በማለት በ2015 በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ በ2016 ቤተሰቡ ክሱን ለማቅረብ ዘግይቷል በሚል ምክንያት ጉዳዩን ዘጋው። በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሰው ስም በጫማ ላይ የተነሳ ክርክር ሆኖ፣ ውሳኔውም በጊዜ ላይ ተመሥርቶ ተቋጨ። መብትን በወቅቱ ማሳወቅና በሰነድ መያዝ የሚያመጣው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ከኪፕቱም በኋላ

ለኬንያውያን ጉዳዩ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ኬልቪን ኪፕቱም ጥቅምት 2023 ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ00 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ በመሮጥ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። እአአ የካቲት 11/2024 ከአሠልጣኙ ገርቬ ሃኪዚማና ጋር በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ። 24 ዓመቱ ነበር። በሕይወቱ የሮጠው ሦስት ማራቶኖችን ብቻ ነው፤ ቫሌንሲያ፣ ለንደንና ቺካጎ።

ከእንግዲህ ኪፕቱም የሚፈርምበት አዲስ ፎቶ አይኖርም። በዓለም ላይ ያሉት እውነተኛ ፊርማዎቹ ቁጥር የካቲት 11 ቀን ተዘግቷል። የሰብሳቢዎች ፍላጎት ግን በዚያው ቀን አይዘጋም። በየትኛውም የስፖርት ዘርፍ ለአስመሳዮች እንደዚህ ያለ ምቹ ጊዜ የለም፦ ዝነኛ ስም፣ ጥቂት ማነጻጸሪያ፣ ‘ይህ የእኔ አይደለም’ ብሎ የሚመሰክር ባለቤት የሌለበት ገበያ። ከእርሱ ጋር በአካል ተገናኝተው ያስፈረሙ ሰዎች ቀኑንና ቦታውን ዛሬ ካልጻፉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእነርሱም እውነተኛ ፎቶ ከሐሰተኞቹ ጋር ይደባለቃል።

ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በበኩሉ ሌላ መንገድ ሞክሯል። በ2021 የማራቶን ድሎቹን የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ኤንኤፍቲ በተሰኘው የዲጂታል ባለቤትነት ሥርዓት ለጨረታ አቅርቦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አግኝቷል። ቪዲዮውን ማንም ሰው በነጻ ሊመለከተው ይችላል፤ የተሸጠው ‘ባለቤቱ እገሌ ነው’ የሚለው መዝገብ ነው። የዚህ ዓይነት ዲጂታል ንብረቶች ገበያ ከዚያ ወዲህ ቢቀዘቅዝም፣ ለአንድ የምሥራቅ አፍሪካ ሻምፒዮን ስምና ምሥል መዝገብ ከተያዘለት ገዢ እንደሚኖረው ታይቷል።

የዓለም አትሌቲክስ የቅርስ ክፍልም በ2021 በኢንተርኔት የሚጎበኝ ሙዚየም ከፍቷል። አትሌቶችና ቤተሰቦቻቸው የለገሷቸው ማሊያዎች፣ ጫማዎችና የደረት ቁጥሮች ከባለቤታቸው ስምና ከውድድሩ ጋር ተያይዘው ይታያሉ።

ማዕረግ ሳይሆን ቀን ይጻፍ

ሰብሳቢዎች በፎቶው ጀርባ ‘የዓለም ሻምፒዮን’ ወይም ‘የኦሊምፒክ አሸናፊ’ ብለው መጻፍ ይወዳሉ። ማዕረግ ግን ሊለወጥ ይችላል። በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ የ1500 ሜትር ፍጻሜ ኬንያዊው አስቤል ኪፕሮፕ ሁለተኛ ሆኖ ገባ። አንደኛ የወጣው የባሕሬን ሯጭ ራሺድ ራምዚ በአበረታች ቅመም ምክንያት ሜዳልያውን ሲነጠቅ ወርቁ ወደ ኪፕሮፕ ዞረ። በውድድሩ ማግሥት የተፈረመ ፎቶ የብር ባለሜዳልያ ፎቶ ነበር፤ ዛሬ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ፎቶ ነው። ተቃራኒውም ይሆናል።

የማረጋገጫ የምስክር ወረቀት የሚመሰክረው ስለ ፊርማው እንጂ ስለ ድሉ ንጽሕና አይደለም። ስለዚህ በፎቶው መዝገብ ላይ የማይለወጠውን መጻፍ ይሻላል፦ የተነሳበትን ውድድር፣ የተፈረመበትን ቀን፣ ቦታውን።

ሐሰተኛን እንዴት መለየት ይቻላል?

ያለ ቤተ ሙከራ፣ በአጉሊ መነጽርና በጥሩ ብርሃን ብቻ ሊታዩ የሚችሉ ምልክቶች አሉ።

ፎቶውን አዘንብለው ብርሃን በጎን እንዲያርፍበት ያድርጉ። በእጅ የተፈረመ ቀለም ከፎቶው ገጽ በላይ ተቀምጦ የራሱን ነጸብራቅ ያሳያል። አብሮ የታተመ ፊርማ ግን ከምሥሉ ጋር እኩል ያበራል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ደግሞ በማተሚያ ቤት የታተመው ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይበታተናል።

የብዕሩን ፍጥነት ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የፈረመ ሰው እጁ አያመነታም፤ ጭረቱ ሲጀምርና ሲያልቅ ይሳሳል። አስመሳይ ግን ይስላል እንጂ አይጽፍም። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፎቹ ይደነዝዛሉ፣ ብዕሩ መነሳት በማይገባው ቦታ ይነሳል።

ሁለት ፊርማዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ ይጠራጠሩ። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት አይፈርምም፤ ማሽን ግን ይፈርማል።

ዘመኑን ያገናዝቡ። ፎቶው ወይም ማርከሩ ከፈራሚው ሞት በኋላ የተሠራ ከሆነ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ለምሳሌ በአሮጌ ፎቶ ስም የቀረበ ወረቀት ጀርባው ላይ የዘመናችን የማተሚያ ወረቀት አምራች ምልክት ካለበት ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

የስቲከር ቁጥሩን ሻጩ በላከው ሊንክ ሳይሆን ራስዎ በከፈቱት የአረጋጋጩ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ይፈትሹ። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም። መዝገቡ ላይ የተገለጸው ዕቃ በእጅዎ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የእውነተኛ ዕቃ ቁጥር በሐሰተኛ ዕቃ ላይ ተቀድቶ ሊለጠፍ ይችላልና። የምስክር ወረቀቱን የጻፈው ሻጩ ራሱ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ወረቀት ከሻጩ ቃል የበለጠ ክብደት የለውም።

ከናይሮቢ ሆኖ ለሚገዛ

የአሜሪካ ፉትቦል ለኬንያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የራግቢ ተጫዋች የነበረው ዳንኤል አዶንጎ በ2013 የኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን ማሊያ በመልበስ በሊጉ ታሪክ ስሙን አስመዝግቧል። ሊጉ በ2023 ናይሮቢ ላይ የተሰጥኦ ማፈላለጊያ ካምፕ አካሂዷል። በአፍሪካ የሊጉን እንቅስቃሴ በግንባር ቀደምነት የሚመራው ኦሲ ኡሜኒዮራም ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ሁለት ጊዜ የሱፐር ቦውል አሸናፊ ነው።

ከአሜሪካ የተፈረመ ፎቶ የሚያስመጣ ሰው ከዕቃው ዋጋ በተጨማሪ የመላኪያ፣ የቀረጥና 16 በመቶ የሆነውን የኬንያ ተጨማሪ እሴት ታክስ ማስላት ይኖርበታል። እሽጉ ላይ የሚገለጸው ዋጋ ከደረሰኙ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዋጋን አሳንሶ ማስገለጽ በሕግ ከማስጠየቁ በላይ ዕቃው ቢጠፋ ካሳን ያሳጣል፤ ወደፊት ሲሸጥም የዕቃውን የኋላ ታሪክ ያበላሻል። ከውጭም ሆነ ከአገር ውስጥ ሲገዛ የሞባይል ገንዘብ ዝውውር መልዕክት ብቻውን ደረሰኝ አይሆንም። ምን እንደተሸጠ፣ ማን ለማን እንደሸጠና ፊርማው ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

ፎቶው የእኔ ነው፤ ምሥሉስ?

ፎቶውን የገዛ ሰው ወረቀቱን ገዛ እንጂ ምሥሉን የማባዛት መብት አልገዛም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (የኢትዮጵያ አቆጣጠር) የፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመታት ጥበቃ ያገኛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አባዝቶ ለመሸጥ የመብቱን ባለቤት ፈቃድ መጠየቅ ግድ ይላል።

የባለ ምሥሉ መብትም አለ። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ የሰውዬው ዝና፣ ሕዝባዊ ኃላፊነቱ ወይም ፎቶው ከሕዝባዊ ክንውን ጋር መያያዙ ምሥሉን ማውጣት ተገቢ ሲያደርገው ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይደነግጋል። ዝነኛ አትሌቶች በሁለቱ አንቀጾች መካከል ይቆማሉ፤ የድላቸውን ፎቶ ጋዜጣ ላይ ማውጣትና ያንኑ ፎቶ በሸቀጥ ላይ አትሞ መሸጥ የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ይህ ሕግ የጸናው እአአ መስከረም 11/1960፣ አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ ማግሥት መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

አያያዝ

የማርከር ቀለም ጠላቱ ብርሃን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ናይሮቢ፣ ይበልጡንም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ፣ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። በመስኮት ትይዩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ፊርማው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊደበዝዝ ይችላል። ቅጂውን ሰቅሎ ዋናውን ማስቀመጥ ከሁሉ ይመረጣል።

ፎቶውን ላሚኔት ማድረግ፣ በማጣበቂያ ከካርቶን ጋር ማያያዝ ወይም የደበዘዘ ፊርማን በአዲስ ብዕር ማድመቅ ዋጋውን ያጠፋል። ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት ወይም በፖሊስተር ከረጢት ውስጥ፣ ከእርጥበትና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ። በፍሬም ውስጥ ከሆነ መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር። በዝናብ ወራት እርጥበት ሲበዛ ፎቶው ከመስታወት ጋር ይጣበቃልና።

አምስት መስመር የሚሆን መዝገብ

ትላልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች በስቲከርና በኮምፒውተር የሚሠሩት ሥራ ፍሬ ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፦ ፊርማው ሲፈረም የነበረውን ሁኔታ፣ ሁኔታው ሳይረሳ፣ ጽፎ ማስቀመጥ። ለዚህ ማንም የምሥራቅ አፍሪካ ሰብሳቢ ፈቃድም ሆነ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልገውም።

የፈራሚው ሙሉ ስም በአገሩ ልማድና በሚጽፍበት ፊደል፤ ቀኑና ቦታው፤ ፎቶው የተነሳበት ውድድርና የፎቶግራፍ አንሺው ስም፤ በቦታው የነበረ ምስክር ስምና ፊርማ፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃው በማን እጅ እንዳለፈ። እነዚህ አምስት መስመሮች ከፎቶው ጀርባ ላይ ሳይሆን በተለየ ወረቀት ተጽፈው አብረውት ይቀመጡ። አትሌቱ ሲፈርም በስልክ የተነሳ ምሥል ካለ ከነቀኑ ይያዝ።

ለአትሌቶችና ለቤተሰቦቻቸውም ተመሳሳይ ሥራ ይጠብቃቸዋል። በተለያየ ዘመን የተፈረሙ ጥቂት ፊርማዎችን፣ በግዕዝም በላቲንም፣ ቀናቸውን ጽፎ በቤት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ነገ በስማቸው ለሚነሳ ክርክር የመጀመሪያው ማነጻጸሪያ ይሆናል። ይህን ማነጻጸሪያ ባለድሉ በሕይወት ሳለ ካላዘጋጀው፣ በኋላ ሌላ ሰው በገንዘብ ሊገዛለት አይችልም።